አምስቱ ፔዳሎችና ሳጥኑ

እሑድ

ሬዲዮው ገባ።

ትናንት ምሽት፣ በመጀመሪያው ዘፈን። ዝግ ያለ ትዝታ ነው። እትዬ የሺ ማይክራፎኑን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው መግቢያቸውን ይጠብቃሉ። እኔ ጊታሬን አንግቤ፣ ድምፅ እየደጋገመ የሚመልሰውን የኢኮ ፔዳል ለመርገጥ እግሬን አንስቻለሁ። ከአምፕሊፋየሬ ውስጥ አንድ ሰው «የማዕዘን ምት ነው» አለ። ጥርት ባለ ድምፅ። ከኋላው የስታዲየም ጫጫታ።

ከፊት ጠረጴዛ አንዱ «ማን ነው የሚያሻማው?» ብሎ ጠየቀ። ቤቱ ሳቀ። እኔም የሳቅሁ ይመስለኛል፣ ከድንጋጤ። እትዬ የሺ አልሳቁም። መግቢያው አለፋቸው። ዞረን መጣን፤ እኔ ግራ ተጋብቼ ፔዳሉን ሳልረግጥ ሁለተኛውም አለፋቸው። ማይክራፎኑን ማቆሚያው ላይ መልሰው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው ወረዱ። እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ መድረክ ላይ ያሉ ሰው ናቸው። ዘፈን አቋርጠው ሲወርዱ አይቼ አላውቅም።

ኋላ በረንዳው ላይ አገኘኋቸው። ይቅርታ ልጠይቅ ስጀምር አቋረጡኝ። አንዱ ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ለማንም አልተናገሩም። «እንደምንም እየገባሁ ነው የኖርኩት። እንዴት እንደምገባ እኔም አላውቀውም። የሚመጣውን ቅዳሜ እሞክራለሁ። እንደገና ከሳትኩ በቃ፣ እቀመጣለሁ።» ለታክሲ ረዳት መውረጃውን እንደሚናገር ሰው ነው ያሉት።

ጋሽ ተፈራ፣ ከበሮ መቺያችንም አለቃችንም፣ ገመዶቼን እየጠቀለሉ ሊያጽናኑኝ ሞከሩ። «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፣ ምሥራቅ። የዚህ ክምር ነው።»

ክምሩ፣ የጊታሬን ድምፅ የሚለዋውጡት አምስቱ የእግር መርገጫዎች፣ ይኸው አልጋዬ ሥር በልብስ ሻንጣ ውስጥ ተኝቷል። ቀለሙ የተላጠው ዋዋ። ዲስቶርሽኑ። ትሬሞሎው። አንዳንዴ የሚያኮርፈው ሪቨርብ። ኢኮው፣ ትልቁና ከባዱ፣ ሁለንተናው ብረት። መሃላቸው አጫጭር ገመዶች። አንድ በአንድ ነው የሰበሰብኳቸው፤ ስለዚህ አንድ በአንድ ነው የምወዳቸው። አሁን ግን ሻንጣውን ሳየው አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፦ የሰው ነጠላ ሲስተካከል።

ሰኞ

ቢሮዬ ሥላሴ አጠገብ ነው። በምሳ ሰዓት ወጥቼ በእግሬ እስከ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወረድኩ። ጀማል እዚያ ጠባብ ሱቅ አለው፤ ያገለገሉ የሙዚቃ ዕቃዎችን ይጠግናል፣ ይለውጣል፣ ይቀልዳል። የሆነውን ነገርኩት። እስኪበቃው ሳቀብኝ።

«ገመድ ማለት አንቴና ነው፣ እህቴ። መድረክ ላይ አንቴና ዘርግተሽ ኳስ ለምን መጣ ትያለሽ? እንኳንም ኳስ ብቻ መጣ።»

ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጥቁር ነገር አወጣ። መንገድ ላይ ሰው የሚመዘንበትን ሚዛን ያክላል። አራት የጎማ መርገጫዎች፣ አንድ ትንሽ መስኮት። ሁሉም ውስጡ ነው አለኝ፦ ዋዋው፣ ዲስቶርሽኑ፣ ኢኮው፣ ሰምቼ የማላውቃቸው ሌሎችም። አንድ ገመድ ይገባል፣ አንድ ይወጣል።

«እና መሃሉስ?»

«መሃሉ የለም። እሱ ነው ነገሩ።»

መሃሉ የለም። ወደ ቢሮ ስመለስ ዳገቱን ሙሉ ይህችን ስደጋግም ነበር። እኔ የምኖረው፣ በቢሮና በመድረክ መካከል፣ መሃሉ ላይ ይመስለኛል።

የጀማል ሐሳብ ልውውጥ ነው። አምስቱን ፔዳሎች ይወስዳል፣ ሳጥኑ የእኔ ይሆናል። እስከ እሑድ እንድሞክረው ሰጠኝ። «እሑድ ከሁለቱ አንዱን ይዘሽ ትመጫለሽ። ሁለቱንም ካስቀረሽ ወላሂ፣ አገር ለአገር ነው የማወራብሽ።»

ማክሰኞ

በጠዋት ተነሥቼ ሳጥኑን ከፈትኩት። ቢሮ እስክሄድ ድረስ።

መጀመሪያ የገረመኝ ጸጥታው ነው። ጣቴን ከክሩ ሳነሣ ምንም የለም። የእኔ ፔዳሎች ያለማቋረጥ ያጉረመርማሉ፤ ዝንብ በጠርሙስ ውስጥ እንዳለ። ከድምፁ ጋር ኖሬ ኖሬ ረስቼው ነበር ማለት ነው። አሁን ሲቀር ከግቢው ቧንቧ ወደ በርሜሉ የሚንጠባጠበው ውሃ ተሰማኝ። የጎረቤት ሬዲዮም ተሰማኝ፤ በመስኮት በኩል፣ በወጉ።

መስኮቱ ላይ ስሞች ይመጣሉ። አንዱ ካቴድራል ይላል። ረገጥኩት። ሰፊ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፤ ሥላሴን ግን አያውቅም። ሥላሴ ውስጥ ድምፅ ወደ ላይ ወጥቶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ይኼኛው ወጥቶ አይመለስም።

ሌላው አጃቢ ድምፅ የሚጨምር ነው። አንድ ኖታ ስትመታ እሱ ከላይ ሌላ ይጨምርልሻል። ባቲ ተጫወትኩበት። አጀበኝ። ደግ ነው፣ ትጉ ነው፣ ግን አገሩ አይደለም። ተሳስቶ የሰው ሰርግ ውስጥ የገባ እንግዳ መሰለኝ፤ ከሁሉም በላይ ያጨበጭባል፣ ሙሽራዋ የቷ እንደሆነች ግን አላወቀም። ብቻዬን ሳቅሁ። ቢሮ አረፈድኩ።

ከሥራ መልስ የኢኮውን ድምፅ በሳጥኑ ለማስመሰል ተቀመጥኩ። አሮጌውን እረግጣለሁ፣ እሰማለሁ። ሳጥኑን አስተካክላለሁ፣ እሰማለሁ። የመመለሻውን ፍጥነት፣ እየደከመ የሚሄድበትን፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ትንሽ ዝገት ሳይቀር። ሁለቱንም በስልኬ ቀድቼ፣ ቅደም ተከተላቸውን ሆን ብዬ ረስቼ አዳመጥኩ። መለየት አልቻልኩም።

ደስ አለኝ። ወዲያው ደግሞ ቅር አለኝ።

ምክንያቱን አውቀዋለሁ። የምንጫወትበት ቤት ባለቤት በቅርቡ ለጋሽ ተፈራ «አንድ ኪቦርድ እኮ ከበሮውንም ቤዙንም ጊታሩንም ይዟል» ብለዋቸዋል። እንዲሁ፣ እንደ ጨዋታ። ጋሽ ተፈራ ከዚያ ወዲህ ስለ ኪቦርድ አይቀልዱም። እኔ አሁን ለፔዳሎቼ የማደርገው ባለቤቱ ለእኛ ካሰቡት በምን ይለያል? ይለያል። ፔዳል ልጅ አያሳድግም። ፔዳል የቤት ኪራይ የለበትም። ይህን ጻፍኩትና ትንሽ ቀለለኝ። ትንሽ።

ረቡዕ

ልምምድ። ሳጥኑን ብቻ ይዤ ሄድኩ። ሻንጣ የለም፤ በትከሻ ቦርሳ። ሊፍት ያለው ሕንፃ ላይ እንደሚኖር ሰው ነበር የተሰማኝ።

እትዬ የሺ እንደ ልማዳቸው ከእኔ በስተግራ፣ ክንዴ ሊነካቸው በሚችልበት ርቀት ቆሙ። ሁልጊዜ እዚያች ቦታ ነው። ጋሽ ተፈራ ጀመሩ፣ ቤዙ ገባ፣ እኔ በጊታሬ መንገዱን ጠርጌላቸው የሳጥኑን ኢኮ ረገጥኩ። ማሚቶው ሄደ፣ ተመለሰ፤ ንጹሕ፣ ቆንጆ።

እትዬ የሺ አልገቡም።

እንደገና። አልገቡም። በሦስተኛው ገቡ፣ ግን ዘግይተው፤ የሄደ አውቶብስ ተከትሎ እንደሚሮጥ ሰው።

«ድምፁ ደስ ይላል» አሉኝ። ዓይናቸውን ገልጠዋል። «እንዲያውም ጸድቷል። ግን አልጠራሽኝም።»

«ኢኮውን አልሰሙትም?»

«ሰማሁት እንጂ። ከሰማሁት በኋላማ ረፍዷል።»

ድምፁን ከፍ አደረግሁ። ፍጥነቱን ለወጥኩ። መስኮቱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነካካሁ። ምንም። ጋሽ ተፈራ በራስ ንቅናቄ ብትጠሪያቸውስ አሉኝ። እትዬ የሺ ዞር ብለው አዩዋቸው።

«ዓይኔን ከገለጥኩማ የሚዘፍነው ማን ነው?»

ጾም ነውና ባዶ ሻይ ጠጣን። እሳቸው ስኳሩን ረጅም ጊዜ አማሰሉ። ከመሄዳቸው በፊት፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ሰው መቀመጫውን በጊዜ ማወቅ ጥሩ ነው» አሉ።

የማይገባኝ ይህ ነው፦ ድምፁ አንድ ዓይነት ነው። በስልኬ ላይ አለ። እኔ መለየት ያልቻልኩትን፣ በአንድ ጆሮ የሚሰሙ ሰው ለዩት። ምኑን?

ሐሙስ

አገኘሁት። ቶሎ ልጻፈው።

ሁለቱንም ይዤ ነበር ወደምንጫወትበት ቤት የሄድኩት፣ ሻንጣውንም ሳጥኑንም። ፔዳሎቹን መድረኩ ላይ ደረደርኩ። ገመዶቹን ሰካክቼ እንደጨረስኩ መብራት ጠፋ። ጋሽ ተፈራ ስለ ጄኔሬተሩ ሊጠይቁ ወጡ። እኔ ጊታሬን አንግቤ ቆምኩ። እትዬ የሺ የመድረኩ ጠርዝ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀምጠው ሻይ ይጠጣሉ። እግራቸው ጣውላው ላይ ነው።

እጅ ሥራ ሲያጣ እግር ይጫወታል። ሳላስበው ኢኮውን ረገጥኩት። ቋ።

የእትዬ የሺ ትከሻ ከፍ አለ። አገጫቸው ተነሣ። ትንፋሽ ሰበሰቡ፤ ያቺን ከዘፈን በፊት የምትመጣዋን። ከዚያ ምንም ስላልተከተለ ትንፋሹን ለቀው ሻያቸውን ፉት አሉ። ያደረጉትን እሳቸው አላወቁትም።

ቆየሁ። እንደገና ረገጥኩ። ቋ። ትከሻቸው ተነሣ።

ሦስተኛ ጊዜ አልረገጥኩም። የሰው ኪስ ውስጥ እጄን የከተትኩ መሰለኝ።

መብራት የለም። አምፕሊፋየሩ ሙት ነው። ኢኮ የለም፣ ጊታር የለም። ያለው የብረት መርገጫ ድምፅ ብቻ ነው። ይህ ቤት አሮጌ የፒያሳ ቤት ነው፤ መድረኩ ጣውላ፣ ከሥሩ ባዶ። ያ ቋ ማለቱ፣ ቋታው፣ በጣውላው በኩል ሄዶ ጫማቸውን ይነካል። የሚነካቸው ደግሞ ኢኮው ከመሰማቱ በፊት ነው። ለካ ያን ሁሉ ዘመን የሚጠብቁት ማሚቶውን አልነበረም። ማሚቶው ሲመጣ እሳቸው ትንፋሻቸውን ሰብስበው ጨርሰዋል።

የሳጥኑ መርገጫ ጎማ ነው። ዝም ይላል። የተመሰገነውም ለዚያ ነው።

ለጋሽ ተፈራ በር ላይ በሹክሹክታ ነገርኳቸው። ለእትዬ የሺ ልንገራቸው ወይ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንዳትነግሪያቸው። እኔን አንዱ ዱላውን በየትኛው ጣትህ ነው የምትይዘው ብሎ ጠይቆኝ፣ ሳምንት ሙሉ ከእጄ ሲወድቅ ከረመ።»

ስለዚህ ዝም እላለሁ። ግን ስለ አንድ ሰው እሱ ራሱ የማያውቀውን ማወቅ ምቾት የለውም። መንገዱን ሙሉ እስከ ዶሮ ማነቂያ ቤቴ ድረስ የሰው እግር እያየሁ መጣሁ።

ዓርብ

አማራጮች።

ፔዳሎቹን ብጠቀም፣ ቋታው አለ፣ ቅዳሜም ኳስ አለ። ሳጥኑን ብጠቀም፣ ኳስ የለም፣ ቋታውም የለም። ወለሉን በጫማዬ ብረግጥ? ሞከርኩት። የጫማ ድምፅ ሌላ ነው፤ አንዴ ይወፍራል፣ አንዴ ይቀጥናል። በዚያ ላይ የተናደድኩ እመስላለሁ።

ሻይ እየጠጣሁ መጣልኝ። ኢኮው ለምን መሰካት አለበት?

ሳጥኑን ከፊት፣ ኢኮውን ከኋላው አስጠግቼ አስቀመጥኩ። ምንም ገመድ የለውም፤ አዳፕተርም የለም። ተረከዜ ኢኮው ላይ፣ ጣቶቼ ሳጥኑ ላይ። መጀመሪያ ተረከዝ፣ ከዚያ ጣት። ሙቱ ይጠራል፣ ሕያዉ ይመልሳል። ከፊት የተሰለፉት ጣቶቼ ግን ለመቸኮል የተፈጠሩ ናቸው። ቀድመው ይረግጣሉ። ጊታሩን አንግቤ ስሞክር ሁለቴ አልጋው ላይ ወደቅሁ። ጎረቤቴ በግድግዳው ማዶ «ምሥራቅዬ፣ ጭፈራ ጀመርሽ እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ምን ልበላት።

ሌሎቹን ፔዳሎች ሞከርኳቸው፣ ምናልባት ከእነሱ አንዱ ይበቃ እንደሆነ። አይበቃም። ዋዋው መርገጫው ይንሸራተታል። የዲስቶርሽኑ ቀጭን ነው። የኢኮው ብቻ ነው ከብረት ሆድ የሚወጣው።

ጀማል ደወለ። «ወሰንሽ?»

«ሳጥኑን። ግን ኢኮውን አስቀርቼ አራቱን ብሰጥህስ?»

«ፋራ አትሁኚ። ዋናው እኮ እሱ ነው። እሱ ከቀረ አራቱን ምን ላድርጋቸው፣ ላሳድጋቸው?»

«እሑድ እንነጋገር።»

«እሺ፣ እንከራከር።»

ተረከዝ፣ ጣት። ተረከዝ፣ ጣት።

ቅዳሜ፣ ከመውጣቴ በፊት

ሰፊውን ጫማዬን አድርጌአለሁ። ሆዴ ባዶ ነው፤ የጾም አይደለም። ሳጥኑ፣ ገመዱ፣ መለዋወጫ ክር፣ ኢኮው። ከአራቱ አንዱን ለችግር ጊዜ ልያዝ አልኩና ተውኩት።

አንድ ነገር ብቻ ያስፈራኛል። ቢሠራ፣ እትዬ የሺ የሚዘፍኑት በእኔ ዘዴ ይሆናል። ባይሠራ፣ የሚቀመጡት በእኔ ምክንያት ነው። ሁለቱም ከእኔ ተረከዝ በላይ ናቸው።

እሑድ

ጠዋት ነው። ሁለቱን ነገሮች በየተራ ልጻፍ።

ትናንት። ቤቱ ሞልቶ ነበር። ያ «ማን ነው የሚያሻማው» ያለው ሰውዬም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። እትዬ የሺ ቦታቸው ላይ ቆመው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሽ ተፈራ ጀመሩ። ሳጥኑ ጸጥ ብሏል፤ እንዲያ ጸጥ ስላለ የጠረጴዛ ብርጭቆዎች ይሰሙኛል። መንገዱን ጠረግሁ። ላለማሰብ አሰብኩ።

ተረከዝ። ጣት።

ቀና ብዬ አላየሁም። በክንዴ በኩል ትንፋሻቸው ሲሰበሰብ ተሰማኝ። ማሚቶው ሄዶ ሲመለስ እሳቸው ገብተው ነበር። ድምፃቸው ከዱሮው ዝቅ ብሏል፤ ጫፉ ላይ ሻከር ይላል። ማንም አልሳቀም። ያ ሰውዬ ብርጭቆውን አንሥቶ ሳይጠጣ ያዘው። በዚያች ሰዓት በፒያሳ አየር ላይ ኳስ እየተላለፈ ነበር፤ ምናልባትም የሆነ ሰው ጎል አግብቷል። እኛ ዘንድ አልደረሰም።

ሁሉንም ዘፈኖች ገቡ። ሁሉንም። አንዴ ጣቴ ቀደመ፣ እሳቸው ግን ተረከዜን ጠበቁ።

ስንጨርስ ዕቃዬን ልሰበስብ ተንበረከክሁ። የእትዬ የሺ ጫማ አጠገቤ ቆመ። ከላይ ሆነው ወደ ታች አዩ።

«ይኼኛው ገመድ የለውም» አሉ።

«የለውም፣ እትዬ።»

«በይ እንዳይጠፋብሽ» ብለው ሄዱ። ስለ መቀመጥ ምንም አላነሡም። ለረቡዕ ልምምድ ጋሽ ተፈራን ሰዓት ሲጠይቁ ሰማኋቸው።

ያውቃሉ? አላውቅም። ብዙ አሰብኩበት። ያውቁ እንደሆነ ለማወቅ ብቸኛው መንገድ መጠየቅ ነው፤ እሱን ደግሞ አልጠይቅም።

ዛሬ። ከቅዳሴ መልስ ሰዉ ነጠላ ለብሶ ድልድዩን ይሻገራል። ጀማል እኔን ብሎ ሱቁን ከፍቶ ጠበቀኝ። አራቱን አስረከብኩ። አምስተኛውን እቅፌ ውስጥ አየና «አላልኩሽም?» አለ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ አዳመጠኝ። ከዚያ ቀለደ።

«የምትፈልጊው እኮ ቋታውን ነው። እኔ የምፈልገው ሆዱን ነው። ታዲያ ምን ያጣላናል?»

ብሎኖቹን ፈታ። ውስጡ አረንጓዴ ነው፤ እንደዚህ ትንሽ መሆኑን አላውቅም ነበር። ያን ሁሉ የገደል ማሚቶ ያሰማኝ ነገር የእጅ መዳፍ አይሞላም። ሽቦዎቹን ነቅሎ በጋዜጣ ጠቀለለው፤ ሌላ ቆርቆሮ ሠርቶ እንደሚያስገባው ነገረኝ። ባዶውን ብረት ከነመርገጫው ዘግቶ ሰጠኝ።

የሱቁ ወለል ሲሚንቶ ነው። ድልድዩ ጥግ ካለው ሊስትሮ የመቀመጫ ጣውላ ተዋስን። ረገጥኩት። ቃ። ቀጭን፤ ባዶ ቤት ውስጥ የተዘጋ በር።

ጀማል ከአሮጌ ትራንስፎርመር ላይ የብረት ቁራጭ አወጣ፣ በጨርቅ ጠቀለለ፣ ውስጥ ከተተ፣ ዘጋ። ረገጥኩ። ወፈረ፣ ግን ደነዘዘ። ጨርቁን አወጣ። ረገጥኩ። ይመስላል። አይመስልም። ጀማል እኔን ያያል፣ ሊስትሮው እኛን ሁለታችንን ያያል። ሌላ ቁራጭ ጨመረ።

ልዩነቱን በአፌ ልናገረው እንደማልችል ገባኝ። ጆሮዬም ማክሰኞ ዕለት አታሎኛል። ዓይኔን ጨፈንኩና፣ ስለ ምንም ሳላስብ፣ ተረከዜን ጣልኩበት።

ቋ።

ትከሻዬ ተነሥቶ፣ ትንፋሽ ሰብስቤ አገኘሁት።

«እሱ ነው?» አለ ጀማል።

ትንፋሹን ያዝ አድርጌ ቆየሁ። ከዚያ ለቀቅሁት።

«ረቡዕ ይታያል» አልኩት።